ዓሣ ጎርጓሪ ምን ያወጣል?

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አበው። ምሳሌው ያልተነካውን እየነካካ ራሱን ችግር ላይ የሚጥለውን ሰው ለማስጠንቀቅ የተተረተ እንደሆነ ይታወቃል። ለሳይንስ ተማሪ ግን ይህ ምክር አይበጅም ባዮች ነን። ተማሪ ሊጎረጉር ይገባዋል፤ ዘንዶም ቢወጣ ርዝመቱን ለክቶ ሊመዘግብ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ እምብዛም በማይበልጥ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ትንንሽ የአምባዛ ዘመዶችን ስለ ማርባት ነው። ለአንዳንዱ አንባቢ ጉዳዩ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን እንዲህ ያለው ገንዳ ለሳይንስ ትምህርታችን ከሚያስፈልጉት ርካሽና ቅርብ መሣሪያዎች አንዱ እንደሆነ፣ ከዚያም አልፎ በገዛ ወንዞቻችን ውስጥ እየኖሩ ለማናውቃቸው ፍጥረታት ያለብንን ዕዳ የሚያስታውሰን እንደሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ውቤ በረሃ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ማታው ነው። በደጃዝማች ውቤ አትናፍሰገድ ስም የተጠራው ይህ የአራዳ ሰፈር በቀድሞው ዘመን በመጠጥ ቤቶቹ፣ በሙዚቃውና በጭፈራው ስሙ የገነነ ነበር። እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ግን ሰፈሩን የምናስታውሰው በአንዳችን ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ፣ ከቡፌው አጠገብ በነበረ ገንዳ ነው። ገንዳውን በ2013 ዓ.ም. የሠራነው ራሳችን ነን። መስታወቱን መስታወት ቆራጭ ዘንድ አስቆርጠን በሲሊኮን አጣበቅነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ስለነበረ 54 ሊትር ውሃ ይይዝ ነበር። የቤቱ እናት ገና እንዳዩት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጆቼ፣ ይኼ ለጾም ነው ለፍስክ?» የሚል ነበር። «አይበላም እማማ፣ ለማየት ነው» ብንላቸው «ለማየትማ ሰው መች ጠፋ!» ብለው ሳቁብን። ከሦስት ወር በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ገንዳው ፊት የሚቀመጡት እርሳቸው ነበሩ።

ትንሹ ዓሣና ትልቅ ታሪኩ

አምባዛ ስንል አብዛኞቻችን የሚታየን በሐይቆቻችንና በወንዞቻችን የሚገኘው፣ ቅርፊት የሌለው፣ ረጃጅም ጢም ያለው ትልቁ ዓሣ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪዬፒነስ የሚባለው ይህ ዓሣ ከአንድ ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል ለሳሎን ገንዳ የሚሆን አይደለም። ልጅ ሳለ አምሮ የታየውን አምባዛ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ብዙም ሳይቆይ ገንዳው እንደሚጠብበት ማወቅ አለበት። ለቤት የሚስማሙት በተለምዶ ኮሪዶራስ እየተባሉ የሚጠሩት የደቡብ አሜሪካ ትንንሽ ዝርያዎች ናቸው። እነዚህ ዓሦች ከ160 በላይ ዝርያዎች ያሏቸው ሲሆን አብዛኞቹ ከ3 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያድጋሉ። ጎንና ጎናቸው ቅርፊት ሳይሆን በሁለት ረድፍ በተደረደሩ የአጥንት ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው፤ ጋሻ ለብሰው የሚሄዱ ይመስላሉ። ብቻቸውን መኖር አይወዱም፤ ቢያንስ ስድስት ሆነው ሲኖሩ ነው እውነተኛ ጠባያቸው የሚታየው።

እኛ ያረባነው በሰውነቱ ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ያሉትን፣ ለረጅም ዘመን ኮሪዶራስ ፓሊያተስ ሲባል የኖረውን ዝርያ ነው። ይህ ትንሽ ዓሣ ከታላላቅ ስሞች ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። ለሳይንስ ዓለም መጀመሪያ የተገለጸው ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በተባለችው መርከብ ባደረገው ጉዞ ከሰበሰባቸው ናሙናዎች ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት ሊዮናርድ ጄኒንስ እ.ኤ.አ. በ1842 ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ ፈረንሳዊው ፒየር ካርቦኒዬ ፓሪስ ውስጥ በገንዳ ሊያራባው ችሏል። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ የውሃ መመርመሪያ ኪትም ሆነ በጠርሙስ የታሸገ መድኃኒት አልነበረም። እንግዲህ «መሣሪያ የለንም» የሚለው ምክንያት ከ140 ዓመት በፊት ውድቅ ሆኗል ማለት ይቻላል። ታሪኩም ገና አልተዘጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መርምረው ኮሪዶራስ ይባል የነበረውን ወገን በበርካታ ወገኖች ሲከፋፍሉት የእኛም ዓሣ ሆፕሊሶማ ፓሊያተም ተብሏል። መጽሐፍ ላይ የታተመ ስም ሳይቀር እንደሚሻሻል ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከፍታ፣ ውሃና መብራት

ዓሣ ስለ ማርባት የተጻፉ አብዛኞቹ መጻሕፍት የአውሮፓንና የአሜሪካን ቆላማ ከተሞች እያሰቡ የተጻፉ ናቸው። «ውሃውን 25 ዲግሪ አሙቁ» የሚለውን ምክር በቀጥታ ከመውሰዳችን በፊት ግን እኛ የምንኖረው የት እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። በፒያሳ ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ያው ውሃ ሊይዝ የሚችለው 6.2 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ መጠኑ ወደ 6.8 ከፍ ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ውሃ ማሞቅ ማለት አስቀድሞ ካነሰው ኦክስጅን ላይ መቀነስ ማለት ነው። ደግነቱ የእኛ ዓሣ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ደስ ብሎት የሚኖር ስለሆነ ማሞቂያ ሳንገዛ ኖረናል። ይህንን ያወቅነው በኬሚስትሪ ክፍል በቃላችን ያጠናነውን የጋዝ መሟሟት ሕግ ከገንዳው ጋር ስናገናኘው ነው።

እነዚህ ዓሦች በዚህ ረገድ ሌላም ብልሃት አላቸው። በየጊዜው ወደ ውሃው ገጽ ተወርውረው አየር ይጎርሱና ይመለሳሉ። የጎረሱትን አየር የሚውጡት ሲሆን፣ ኦክስጅኑ በደም ሥሮች በተሞላው የአንጀታቸው የኋላ ክፍል በኩል ወደ ደማቸው ይገባል። የእኛው ትልቁ አምባዛም አየር ይተነፍሳል፤ የእርሱ መሣሪያ ግን ከስንጥቡ በላይ ያለ፣ ዛፍ መስሎ የተዘረጋ አካል ነው። አንድ ችግር፣ ሁለት መፍትሔ! ዝግመተ ለውጥን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የተማረ ሰው ይህን በዓይኑ ሲያይ ትምህርቱ ሥጋና ደም ይለብሳል። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ በቆመባቸው ጊዜያት ዓሦቻችንን ያተረፈው ይኸው የአንጀት ትንፋሽ ይመስለናል።

የቧንቧ ውሃችንን ለሰው ደኅንነት ሲባል የሚጨመርበት ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ውሃው በሰፊ ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ሲቀመጥ ግን ተራው ክሎሪን ወደ አየር ይወጣል። የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ደግሞ በርሜል ሞልቶ ማስቀመጥ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ሌላው ዓለም መድኃኒት ገዝቶ የሚያደርገውን የእኛ ፈረቃ በነፃ ሲያደርግልን ኖሯል ብንል ቀልድም እውነትም ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የውሃ ትምህርት ግን በዓይን የማይታየው ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወግዳል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ይህንን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚወስድ ገንዳ በተሠራ ማግስት ብዙ ዓሣ መጨመር መግደል ነው። ሁለቱ ደረጃዎች በሁለት የተለያዩ የባክቴሪያ ወገኖች እንደሚከናወኑ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታመን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ብቻውን የሚያከናውን ባክቴሪያ መኖሩ ይፋ ሆነ። ይህ ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ ማርቢያ ውሃ ማጣሪያ ነበር። እነሆ፣ ዓሣ ጎርጓሪዎች ዘንዶ አወጡ!

ዝናቡና እንቁላሉ

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ አንድ ማታ ከባድ ዝናብ ዘነበ። በማግስቱ የገንዳው መስታወት ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ሳይሆን ከዚያ በለጥ ያሉ፣ ነጣ ያሉ ክብ እንቁላሎች ተጣብቀው አገኘን፤ ስንቆጥራቸው 43 ነበሩ። በደስታ ብዛት የመጀመሪያው ቃላችን «ዝናቡ ነው ያስወለዳቸው» የሚል ሆነ። ከዚያ ግን ከመካከላችን አንዱ ደብተር አውጥቶ ጠየቀ፦ ያን ማታ የተለወጠው ምንድን ነው? ስንዘረዝር ሦስት ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ የቤቱ ሙቀት ቀንሷል። ሁለተኛ፣ ዝናብ ሲመጣ የአየር ግፊት በመጠኑም ቢሆን ሊለወጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ ያን ዕለት ማምሻውን ሲሶውን ውሃ ከበርሜል በቀዳነው ቀዝቃዛ ውሃ ተክተን ነበር። ሦስት ነገሮች በአንድ ሌሊት ከተለወጡ «ምክንያቱ ይህ ነው» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሌላ ገንዳ ሠራን። በሁለቱም ውስጥ ለአንዲት ሴቴ ሁለት ወንዴ እንዲደርስ አድርገን ዓሦቹን አካፈልን፤ ሴቴዋ ከላይ ስትታይ ሰፋ ያለች በመሆኗ መለየቱ አያስቸግርም። ለስድስት ሳምንት በየሳምንቱ የሁለቱንም ሲሶ ውሃ በአንድ ሰዓት ቀየርን፤ የአንደኛው ተተኪ ውሃ ከገንዳው ጋር እኩል የሞቀ፣ የሁለተኛው በ4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ያገኙት ሁለት ጊዜ እንቁላል ጣሉ፤ ሌሎቹ አልጣሉም። ውጤቱ የዝርያው አርቢዎች ከሚመክሩት ጋር የሚስማማ ነው፤ በተፈጥሮ ቦታቸውም ዝናብ ወንዙን ሲሞላው ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣል። ይሁንና ሁለት ገንዳ ብቻ አጋጣሚን ከምክንያት ለመለየት አይበቃም። አሥር ገንዳ ቢኖረን ይበልጥ ደፍረን በተናገርን ነበር። ይህንን ዓረፍተ ነገር በራሳችን እጅ ከደረስንበት በኋላ ነው «የናሙና ብዛት» የሚባለው ነገር ለምን የስታቲስቲክስ መምህራን ጭንቀት እንደሆነ የገባን።

አወላለዳቸውም የሚያስደንቅ ነው። ወንዴው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ሴቴዋ አፏን ከሆዱ ላይ ታጣብቃለች፤ ሁለቱ በአንድነት ሲታዩ እንደ መስቀለኛ ቅርጽ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ጥቂት እንቁላሎችን በሆዷ ክንፎች መካከል ይዛ ትሄድና ባጸዳችው መስታወት ወይም ቅጠል ላይ ታጣብቃቸዋለች። የወንዴው ዘር እንቁላሉን እንዴት እንደሚያገኘው ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓን ተመራማሪዎች በአንድ የኮሪዶራስ ዝርያ ላይ ባደረጉት ጥናት ሴቴዋ ዘሩን እንደምትጠጣውና በአንጀቷ በኩል በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ አልፎ ወደ እንቁላሎቹ እንደሚደርስ አስረዱ። ያረጋገጡትም በሴቴዋ አፍ ቀለም ጨምረው በሌላው ጫፍ እስኪወጣ ሰዓት በመቁጠር ነው። ቀለምና ሰዓት ብቻ! የታላቅ ግኝት መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ወላጆቹ እንቁላላቸውን ስለሚበሉ ወዲያው ለብቻ ማስቀመጥ ያሻል። እኛ በምላጭ ከመስታወቱ ላይ ቀስ ብለን እየፋቅን አየር ወደሚነፋበት ሌላ ዕቃ አዛወርናቸው። ያልጸነሱት ነጭ ሆነው ሻጋታ ስለሚይዛቸው እየለቀምን አወጣን። በላቦራቶሪ ለማቅለሚያ የሚያገለግለው ሜቲሊን ብሉም በጥቂት ጠብታ ሻጋታውን ይከላከላል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን 31 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ጫጩቶቹ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሆዳቸው ላይ ካለው አስኳል ይመገባሉ፤ ቀጥሎ የሚያሻቸው በዓይን የማይታይ ሕያው ምግብ ነው። እርሱንም በባዮሎጂ ክፍል ፓራሜሲየም ለማየት እንደሚደረገው ድርቆሽ በውሃ ዘፍዝፎ ማግኘት ይቻላል።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንደብቅ እንናገራለን። ጫጩቶቹ የራባቸው መስሎን የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ከመጠን በላይ ጨመርንላቸው። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ደፍርሶ፣ ሸትቶ፣ ከ31ዱ 27ቱ ሞተው አገኘናቸው። ስለ አሞኒያ መርዛማነት ፈተና ላይ ተጠይቀን በትክክል የመለስን ሰዎች ነን። ዕውቀቱ ነበረን፤ እጃችን ግን አያውቀውም ነበር። ያን ጠዋት እማማ «በጥጋብ የሞተ ዓሣ ዛሬ አየሁ» ብለው የተናገሩት ከማንኛውም የፈተና ውጤት የበለጠ አሳፍሮናል። ከዚያ ወዲህ በመርፌ ጫፍ ነው የምንመግበው፤ በየቀኑም ጥቂት ውሃ እንቀይራለን። በቀጣዩ ዙር ከ36 ጫጩቶች 29 አድገዋል።

ለሚቃወሙን የምንሰጠው መልስ

ሐሳባችንን የሚቃወሙ ሦስት ዓይነት ወገኖች አጋጥመውናል። የመጀመሪያዎቹ «ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ለዓሣ መቀለብ ቅንጦት ነው» ይላሉ። የኑሮውን ክብደት አንክድም። ሆኖም ስድስት ትንንሽ ዓሦች በቀን የሚበሉት ከአንድ ቁንጥር አይበልጥም። ከዚህም ሌላ ለምግብ የሚሆነውን ዓሣ ማራባት ራሱ የሚጀምረው ከዚሁ ዕውቀት ነው፤ በሰበታ የሚገኘው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚሠራው ሥራ መሠረቱ ውሃ፣ ኦክስጅን፣ አሞኒያ፣ እንቁላልና ጫጩት ነው።

ሁለተኛዎቹ «ፈተና እያለብን ጊዜ ከየት ይምጣ?» የሚሉ ተማሪዎች ናቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የዓሣ ገንዳም መድኃኒቱ ነው ብለን አንቀልድም። ነገር ግን በቃል ማጥናት ብቻውን እንዳላዋጣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። አንድ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ለመሥራት አቅም ባይኖረው እንኳ በአንድ ገንዳ የናይትሮጅንን ዑደት፣ የጋዝ መሟሟትን፣ የመራባትን፣ የጠባይን፣ የመለካትንና የመመዝገብን ትምህርት በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ሦስተኛዎቹ «ፍጥረትን በመስታወት ማሰር ግፍ ነው» የሚሉ ናቸው። ይህን ተቃውሞ ከሁሉ አብልጠን እናከብረዋለን። ለጌጥ ብቻ በጠባብ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ዓሣ አስቀምጦ የሚረሳ ሰው በእርግጥ ይበድላል። መልሳችን ግን አለመያዝ ሳይሆን በሥርዓት መያዝ ነው። ለስላሳ አሸዋ ሊነጠፍላቸው ይገባል፤ ሹል ጠጠር ምግብ የሚፈልጉበትን ጢማቸውን ያቆስለዋልና። በቡድን ሊኖሩ፣ የሚደበቁበት ቅጠልና ድንጋይም ሊያገኙ ይገባል። እንቁላል መጣላቸውም ቢያንስ መሠረታዊ ፍላጎታቸው እንዳልተጓደለ የሚጠቁም ምልክት ነው።

የእኛው ትንሽ አምባዛ

እስካሁን ያወራነው ስለ ደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በሞጆ ከተማ አጠገብ የሚያልፈው የሞጆ ወንዝ በስሙ የተጠራ ዓሣ አለው። ስሙ ኪሎግላኒስ ሞጀንሲስ ነው። በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ አልበርት ቡላንዠ እ.ኤ.አ. በ1904 የገለጸው ይህ ዓሣ የአምባዛ ዘመድ ሲሆን ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር አይገኝም። የእርሱ ወገን የሆኑት ዓሦች ከንፈራቸው እንደ መምጠጫ ክብ ስለሆነ በኃይል በሚወርድ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ዓሣ ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ከዳርዊን ጋር የተጓዘውን የሩቅ አገር ዓሣ የትዳር ሥርዓት እስከ ሴኮንዱ ዘርዝረን ጻፍን፤ በሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ስለሚኖረው የገዛ አገራችን ዓሣ ግን አንድ አንቀጽ እንኳ ለመሙላት ተቸገርን። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው። የሞጆ ወንዝ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎችና የከተማ ፍሳሽ ሲገባበት የኖረ ወንዝ መሆኑ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ንጹሕና ፈጣን ውሃ የሚያሻው ትንሽ ዓሣ በእንዲህ ያለ ወንዝ ውስጥ የሚጠብቀው ዕድል ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በአገራችን ከ150 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ በርካቶቹ የእኛ ብቻ ናቸው። የጣና ሐይቅ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች በዓለም የታወቁ ሆነዋል፤ ትንንሾቹ ግን የሚጠራቸው የለም። የሚበላ ሥጋ የላቸውምና!

የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ኮሪዶራስ እያራባ የሠለጠነ እጅ ነገ የሞጆውን ዓሣ ለማራባት የሚችል እጅ ነው። ማለታችን ግን ተማሪው ባልዲውን ይዞ ወደ ወንዙ ይሩጥ አይደለም። የአገር ብርቅ ዝርያ ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ ምሪት ሊነካ አይገባውም። ከተለመደው ዓሣ የተማረ ወጣት ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ጥያቄውን ይዞ ይመጣል። የባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎችና የምርምር ማዕከላትም ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ዓሣ አንድ ገንዳ፣ አንድ የመመረቂያ ጥናት፣ አንድ መዝገብ ቢሰጡት ወጪው ጥቂት፣ ውለታው ግን ዘላቂ ነው።

ስለ እምቦጭ አንድ ማስጠንቀቂያ

በመጨረሻ ያልተናገርነው እንደሆነ የሚጸጽተን አንድ ነገር አለ። በጣና ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስሙ የገነነው እምቦጭ ከየት መጣ? ትውልዱ ልክ እንደ ኮሪዶራስ ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ስለሚያምር ለኩሬ ጌጥ እየተባለ በሰው እጅ ዓለምን ዞረ፤ በአገራችን በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የእኛው ትልቁ አምባዛም ቢሆን ለእርባታ ተብሎ ወደ እስያና ወደ ብራዚል ከተወሰደ በኋላ ከገንዳ አምልጦ ለዚያ አገር ዓሦች ጠንቅ ሆኗል። ጌጥ ወይም ምግብ ተብሎ የተወሰደ ፍጥረት ከቦታው ውጭ ሲለቀቅ መቅሠፍት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሰለቸን ወይም የበዛብን ዓሣ ቢኖር ለሌላ አርቢ እንስጠው እንጂ ከቶ ወደ ወንዝ አንልቀቀው። «የአዲስ አበባ ወንዝ ምን ዓሣ ያኖራል?» የሚል ቢኖር የውሃውን መንገድ ይከተል። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባል። የሞጆም ወንዝ በቆቃ በኩል የሚገባው እዚያው አዋሽ ነው። ፒያሳ ላይ ከባልዲ የተደፋ ነገርና የሞጆው ትንሽ አምባዛ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው። ጌጣችን የእርሱ ጠላት እንዳይሆን መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

የውቤ በረሃው ቤት በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ከፈረሱት ቤቶች አንዱ ሆነ። ዕቃው በሚጫንበት ሳምንት መስታወቱ ላይ አዲስ እንቁላል ነበረ። እማማ የቡና ጀበናቸውንና እንቁላሉ ያለበትን የመስታወት ማሰሮ ለጫኝ አምነው አልሰጡም፤ ሁለቱንም በጉልበታቸው ላይ ይዘው ነው ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሄዱት። ከዚያ ማሰሮ የተፈለፈሉት ዓሦች ዛሬ አድገው በሦስት ቤቶችና በአንድ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። የትምህርት ቤቱ ገንዳ አጠገብ ተማሪዎቹ የሰቀሉት ደብተር አለ፤ በየቀኑ የውሃውን ሙቀት ይመዘግቡበታል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የጻፈችው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የሞጆው ዓሣስ እንቁላሉን የት ይጥላል?» እንግዲህ የሚመልስላት ከአንባብያን መካከል ይነሣ።